የፊንታን ዳርጋን ሞክሼዎች

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ጠዋት ዝናብ። የምሠራበት ፓርኪንግ እስከ አራት ሰዓት ጭር ብሎ ቆየ። አንዲት ሴትዮ ትኬቴ ጠፋ ብላ ሃያ ደቂቃ ጨቀጨቀችኝ፤ ትኬቱን በጣቶቿ መሃል ይዛዋለች። አልነገርኳትም። ራሷ እስክታገኘው ጠበቅኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መዝናኛ የለኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ ማቲያስ ኮል አደረገ። በአልትራሳውንድ አይተውታል፣ ወንድ ነው! ወንድ የልጅ ልጅ። እንባ አቀረርኩ። ትኬት የምቀበልበት ቡዙ ውስጥ ብቻዬን ስለሆንኩ ማንም አላየኝም።

ከዚያ ስሙን ነገረኝ። ፊንታን። ፊን... ምን? «ፊንታን፣ ዳድ። የአይሪሽ ስም ነው።» እሺ፣ ስሜ ምትኩ ይከተለዋል፣ ምን ቸገረኝ አልኩ። «ላስት ኔሙ የኤሊ ነው የሚሆነው። ዳርጋን። ተነጋግረን ወስነናል። ምክንያቱም ወንድሟ...» አላስጨረስኩትም። የማንንም ወንድም ታሪክ አልጠየቅኩህም፣ የእኔን ስም የት አደረሳችሁት ነው የምልህ አልኩና ዘጋሁበት።

አገር ቤት ቢሆን ልጁ በአባቱ ይጠራል፣ እኔ ሦስተኛ እሆናለሁ። እዚህ ግን ልጄ በወረቀት ሁሉ ማቲያስ ምትኩ ነው። ስሜ የቤተሰብ ስም ሆነልኝ፣ የልጅ ልጄም የእሱም ልጆች ምትኩ እየተባሉ ይቀጥላሉ ብዬ ስንት ዓመት ተዝናንቼ ተኛሁ። አሁን በምራቴ፣ በአንዲት ኤሊ ተበላሁ። ስሟ እውነትም ኤሊ ነው። እናቴ ብትኖር በሳቅ ታልቅ ነበር።

መስከረም 29

ስልኬ ላይ «ፊንታን ዳርጋን» ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ሰዎች! በዚህ ስም የታወቁ ተብሎ ዝርዝር ወጥቶላቸዋል። አገር ቤት ሞክሼ ሲገናኝ ይተቃቀፋል፣ ይጋበዛል። እነዚህን ግን ማን ያቅፋቸዋል? አንዱ በዱላ ኳስ የሚመታ ተጫዋች ነው፤ የእኛን የገና ጨዋታ ይመስላል። የፊት ጥርስ የለውም። አንዱ ፖለቲከኛ አራት ጊዜ ተወዳድሮ አራቱንም ጊዜ ተሸንፏል። ከሹመቱ የወረደ ጳጳስም አለ። ለምን ወረደ? አልተጻፈም። መገመት አያቅትም።

ጥርስ አልባውን «የልጅህ ሞክሼ» ብዬ ለማቲያስ ላክሁለት። መልስ የለም።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለአሥራት ነገርኩት። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው፣ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሱ ነው። «ተው እንጂ፣ የሕፃን ስም ላይ አይቀለድም» አለኝ። ሌሎቹ ግን ሳቁ። ከሰባቱ ፈረስ ጋላቢውን ነገርኳቸው፣ ውድድሩን መርቶ መርቶ መጨረሻው ላይ ጉድጓድ የገባውን። ቆመው ሳቁልኝ። ደስ አለኝ።

ልሳነወርቅ አልሳቀችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሚስቴ ሆና በቀልዴ የሳቀችበትን ቀን መቁጠር ይቻላል። መኪና ውስጥ «ልጁን ሳይወለድ ጠላኸው» አለችኝ። ልጁን አይደለም፣ ስሙን ነው አልኳት። «ለልጁ ምን ልዩነት አለው?»

ጥቅምት 5

አገኘሁት! እስከዛሬ እንዴት አለፍኩት? አምስተኛው ላይ ቁጭ ብሏል። ሐኪም ነው። ሚስቱን በሻይ መርዝ እያጠጣ ገድሏት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1911 ተሰቀለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብቻዬን ስስቅ አንዱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

የቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ ከነፎቶው ለጠፍኩት። ሄርንደን ያለው የአክስቴ ልጅ ብቻ የሳቅ ምልክት ላከ። ማቲያስ ከግሩፑ ወጣ። ይውጣ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ፣ ቤቢ ሻወር፤ ልጁ ሳይወለድ የሚደግሱት። ማቲያስና ኤሊ ያሉበት ሕንፃ አዳራሽ ነው። ሰማያዊ ፊኛ፣ ሰማያዊ ኬክ። እኛ አምስት ሐበሾች፣ እነሱ አርባ። በር ላይ ካርድ ይሰጣሉ፤ ለሕፃኑ ምኞት ጽፎ ሳጥን ውስጥ መክተት ነው። ማቲያስና ኤሊ ቤታቸው ገብተው የሚያነቡት መስሎኝ ነበር... መስሎኝ ነበር ልበል? አዎ፣ መስሎኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ «ለፊንታን ዳርጋን። በስምህ ሰባት ዝነኞች አሉ። አንዱ ሚስቱን መርዞ ተሰቀለ። አንተንም እንደሱ ዝነኛ ያድርግህ።» ስሜን አልጻፍኩም።

ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ የኤሊ ጓደኛ ሳጥኑን ይዛ መሃል ቆመች። ካርዶቹን ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ልማዳቸው እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ? ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፣ በሩ ከእሷ ኋላ ነው፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የእኔን ስታወጣው ከሩቅ አወቅኩት። በፈገግታ ጀመረች። «አንዱ ሚስቱን...» ላይ ድምጿ ወረደ፣ ግን አፏ ቀድሟት ጨረሰችው።

አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ተወው። የኤሊ እናት ሜሪ ፊት ወንበር ላይ ኬኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቀስ ብላ «ማነው የጻፈው?» አለች። ማቲያስ ካርዱን ተቀብሎ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ልጅ ሆኖ ፊርማዬን አስመስሎ ለትምህርት ቤት ወረቀት ይፈርም ነበር። የእጅ ጽሑፌ ይጠፋዋል?

መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አልተቆጣም፣ እሱ ነው የከፋኝ። «ፊንታን ወንድሟ ነው፣ ዳድ። የሜሪ ልጅ። በዘጠኝ ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ። ልነግርህ ስል ዘጋህብኝ።» የመኪናዬን በር ከፈትኩ። «በቃ ሂድ» አለኝ።

ጥቅምት 16

ልሳነወርቅ ለካ ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮኽኩባት። «ሦስቴ ጀምሬልህ ሦስቴም ስለ ሰባቱ ሰዎችህ አወራህብኝ» አለች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንተን ለምን ምትኩ አሉህ?»

መልሱን ታውቃለች። ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ በኩፍኝ ሞቶ፣ እናቴ በእሱ ፋንታ ተሰጠኝ ብላ ነው። «እነሱስ ሌላ ምን አደረጉ? በፈረንጅኛ ስለሆነ ነው ያላወቅከው?» አለችኝ።

ከቤት ወጥቼ ሄድኩ። አፈርኩ። ስጽፈው ራሱ ፊቴ ይግላል።

ጥቅምት 21

ማቲያስ ዛሬም ስልክ አያነሳም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ወደ ሜሪ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። አሥራት፣ ጡረተኛው ዋቅጅራ፣ እና የደብራችን ቄስ። ሁለቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አባ መስቀላቸውን ይዘው። በዳይ አብሮ አይገባምና እኔ መንገዱ ጥግ መኪና ውስጥ ቀረሁ። አሥራት አስቀድመን እንደውልላት ወይ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ቀጠሮ ይይዛል እንዴ አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ሜሪ በሩን ከፈተች። ሦስት ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ አንዱ መስቀል ይዞ፣ በእሑድ ከሰዓት ደጇ ላይ ቆመዋል። አፏን በእጇ ይዛ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ጩኸቷ እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ። «ኤሊ ናት? ሕፃኑ ነው?» መርዶ ነጋሪ መስለዋት ነው። ከመኪናው ልወርድ በሩን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

የቀረውን አሥራት ነገረኝ። ማንም አልሞተም ብለው እስኪያሳምኗት ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ውሃ ጠጥታ ግቡ አለቻቸው። ተቀመጡ ስትላቸው እንደ ወጉ «ይቅር ካላሉን አንቀመጥም» አሉ። ግራ ገባት። እነሱ ሲቆሙ እሷም ቆመች። አሥራት ምትኩ ጥፋቱን አምኗል፣ እግርዎ ላይ ወድቋል አላት። ለሽማግሌዎቹ አዘነች መሰለኝ፣ ሻይ አፈላችላቸው። የሞተውን ልጇን ፎቶ አመጣች። ጠጉሩ የረገፈ፣ የሚስቅ ልጅ ነው አለኝ አሥራት።

ይቅር ብላለች። «ይቅር በል የሚል ሃይማኖት ነው ያለኝ፣ ምርጫ የለኝም» አለች አሉ። «ግን ንገሩት። ስሙ ቀርቷል። ኤሊን ለምኜ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አሁን ልጄን ሳስብ ያ የተሰቀለው ሰውዬ አብሮ ይመጣብኛል። አሸንፏል በሉት።»

ይህን ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ልጻፍ። አሥራት «ስሙ ቀርቷል» ሲለኝ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ታኅሣሥ 9

ተወለደ። ልሳነወርቅ ሄዳ አየችው። ጤነኛ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ሥራ ነበርኩ... እኔ አልተጠራሁም።

ታኅሣሥ 22

ማቲያስ ፓርኪንጉ መጣ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ በመኪናው ቡዙ ጋ ቆሞ መስኮቱን አወረደ። ከስቷል። የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ፣ የልደት ሰርተፊኬቱን ኮፒ። ሉካስ ምትኩ።

«ኤሊ ናት ያለችው» አለኝ። «ዳርጋን በሚለው ስም ከእንግዲህ ማንም እንዲስቅበት አልፈልግም አለች። ይኸው፣ የፈለግከው።» ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ከኋላው ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። የመውጫውን ብረት ከፍ አደረግኩለት፣ ሄደ።

ወረቀቱን ቀኑን ሙሉ አየሁት። ስሜ በትክክል ተጽፏል።

ጥር 3፣ እሑድ

አራስ ጥየቃ ሄድን። ልሳነወርቅ ናት ለምና ያስፈቀደችልኝ። ኤሊ ሰላም አለችኝ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ አልተመለሰችም። ሜሪ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ማቲያስ ልጁን አሳቀፈኝ። ቀላል ነው፣ ይሞቃል። ግንባሩ የአባቴ ነው።

ሁሉም ሉካስ ይሉታል። ሜሪ ግን «ቤቢ» ብቻ ነው የምትለው። ደጋግሜ አዳመጥኳት፣ አንዴም በስሙ አልጠራችውም። ልቤን በላኝ። የወሰድኩባት እኔ ነኝ፣ እኔው ብመልሰው ይመለስ ይሆን? ጎንበስ ብዬ ጆሮው ሥር «ፊንታን» አልኩት።

ሰማችኝ። ተነስታ መጥታ ሁለት እጇን ዘረጋች። «አንተ አትጠራውም» አለችኝ። ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም። ልጁን ሰጠኋት። ጀርባዋን አዙራ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ልሳነወርቅ ካፖርቴን አመጣችልኝ፣ ማቲያስ በሩን ከፈተልን።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ቆምን። ነገ ሥራ ስገባ ባልደረቦቼ ስም ማን አወጣችሁለት ብለው ይጠይቁኛል። ሉካስ ምትኩ እላለሁ።