ዱላህ ከቤት እንዳይወጣ ብዬ

ታዴ ጌታዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። እስካሁን ጠዋት ስነሳ ባንተ በኩል ያለውን ብርድ ልብስ አጣጥፋለሁ፤ ማንም ሳይገልጠው።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጅህ ሰላም መገናኛ ቢሮ ሥራ ይዛለች። የግቢውን በር ቀለም አስቀባነው። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቤቷን ፎቅ ልታደርገው ነው፤ ገልባጭ መኪናው የአሸዋ ክምሯን እኛ ደጃፍ ላይ ገልብጦት ሄደ። እኔና አሸዋም የተዋወቅነው እዚያ ነው።

ሃያ ዓመት ሣር ስታጭድ የኖርክበት የጎልፍ ሜዳ ሠራተኞች ልማዳቸውን አልተዉም። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት፣ በሠራተኞቹ ጨዋታ ቀን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሜዳው ላይ ካለው የአሸዋ ጉድጓድ አንዲት ኳስ ይመታል። ከወጣች የሟች የጎልፍ ዱላ እቤቱ ይቀራል፤ ካልወጣች የሥራ ጓደኛው ይወስደዋል። ሰላም "እማዬ፣ ሰው ፊት? ሼም ነው!" አለችና እኔው ላይ ወደቀ። አብሮህ ሲያጭድ የኖረው መርጋ ደግሞ፣ በሙት ዓመትህ ቀን ዱላህን ከጥግ አንስቶ ክብደቱን ሲለካ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ዱላ ሳሎን ውስጥ ስትለማመድ ስንት አምፖል ሰብረህብኛል! እኔ ሁሉን ችዬ ለመርጋ ላስረክብ?

በየጠዋቱ ግንበኞቹ ሳይመጡ፣ ዱላህንና አንዲት ኳስህን ይዤ ልለማመድ ክምሩ ላይ ወጣሁ። ኳሷን ከጎኗ ስላት አሸዋ ውስጥ ሰጠመች። አናቷን ስላት በአጥር ዘላ እትዬ ብርቄ ካሰጣችው በርበሬ መሐል አረፈች። "አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘንሽን በሌላ ተወጪው! የኔ በርበሬ ምን አደረገሽ?" ብላ ሰፈሩን አናወጠችው።

አንድ ቀን መርጋ ሲያልፍ አየኝና "እህቴ፣ ኳሷን ተዪያት። ከኋላዋ ያለውን አሸዋ ነው የሚመታው" አለኝ። አላመንኩትም። ዱላውን ለመውሰድ የዘየደው ዘዴ መሰለኝ። ኳስ ለማውጣት አሸዋ የሚደበድብ ጤነኛ ሰው አለ?

ሐምሌ ላይ፣ እንደምታውቀው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ቤት ገባ። መጥረጊያ ይዤ ሳስወጣ፣ ውሃውን አናቱን ስለው ፊቴ ላይ ተረጨ። ከኋላው ገብቼ እስከ ደጅ ሳላቋርጥ ስገፋው ግን ወጣልኝ። እግሬ ውሃ ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። መርጋ ለካ እውነቱን ነው!

ባለፈው እሑድ የጨዋታው ቀን ደረሰ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ፣ ጫማዬን አውልቄ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ታዴ፣ እንዲህ ጥልቅ ነው እንዴ? ከላይ የሚታየኝ የሰው ጫማ ብቻ ነው። አንዱ "እትዬ ዘነቡ፣ መሰላል እናምጣ?" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ከኳሷ ኋላ ገብቼ፣ ልክ ጎርፍ እንደማስወጣ፣ አሸዋውን በዱላህ ሳላቋርጥ ጠረግሁት። ዓይኔን አሸዋ ሞላው። ጩኸት ብቻ ሰማሁ። ጠራርጌ ቀና ስል፣ መርጋ ኮቱ ሁሉ አሸዋ ለብሶ "ወጣች! ወጣችኮ!" እያለ ይዘላል። ዱላው ያመለጠው እሱ፣ ጨፋሪውም እሱ።

"ማን አስተማረሽ?" ብለው ከበቡኝ። ዓይኔን ሳላሽ "ታዴ ነዋ!" አልኳቸው። መርጋ ሰምቶ ዝም አለ፤ እግዜር ይስጠው።

አንተማ ያስተማርከኝ አንዲት ቀን ነች። እሷንም እንጦጦ ባሕር ዛፉ ሥር ዱላ አስጨብጠኸኝ፣ "ይሄ እጅ ነው ወይስ ሙቀጫ?" ብለህ ጮኸህብኝ፣ ሁለት ቀን ተኳርፈናል። ቢሆንም እኔ ቃሌን አልለውጥም። እስክሞት ድረስ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም፣ ያስተማረኝ ባሌ ነው እያልኩ ስምህን አነሣለሁ። አንተም እዚያ የሚጠይቅህ ካለ እንዳታጋልጠኝ።

ሚስትህ ዘነቡ