እሜቴ ወይኒቱ ልጆቿን ስታስጠራ

ለታላቅ ወንድሜ ለገደፋው፤
ሞያሌ።

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ጋራዥህ ድረስ ዘልቆ፣ በዘይት በተነከረው ቱታህ ላይ ይረፍልህ። እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ መሰረት እንደምን አለች? ልጃችሁ ባዬስ የቆላው ሙቀት ተስማማው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ በሌላው ነገር ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልችልም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስልኩ እንደማይሆን አይተነዋል። ባለፈው ሳምንት ደውዬ እምዬ ታማለች፣ ስምህን እየጠራች ነው፣ ድረስ ስልህ ከት ብለህ ሳቅህ። ዛሬ ደግሞ ምን በልታ ነው የምትሞት ብለህ ስልኩን ለጓደኞችህ በድምፅ ማጉያ ከፈትህላቸው። እኔ እያለቀስሁ ጋራዡ በሙሉ ሲስቅ ሰማሁ። አልፈርድብህም። በሬዲዮው ጭውውት እሜቴ ወይኒቱ በየቅዳሜው ልሞት ነው፣ ልጆቼን ጥሩልኝ ትላለች፤ ልጆቿ ከየአገሩ ተሯሩጠው ሲደርሱ ቁጭ ብላ ቆሎ ስትቆረጥም ያገኟታል። አንተም በስልክህ እየጫንህ ስትስቅባት ኖረሃል። እሷን ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝና ድምፅዋ የእኔው ነው፤ ለቅሶዬን ከለቅሶዋ ማን ይለየው? ደብዳቤ ድምፅ የለውምና በዚህ ልንገርህ፤ እናታችን እውነትም ታማለች።

የጀመራት መስቀል ሰሞን ነው። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። የቡሬ ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አወጧትና እዚህ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት አደረስናት። ወረፋው ብዙ ነበር። ዐይኗ ሲገለበጥብኝ እናቴን ድረሱላት ብዬ ጮኽሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዷ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኝ ጀመር። ፊት የቆሙ አንድ አዛውንት ደግሞ እሜቴ ወይኒቱ፣ ዛሬስ በርትተሻል አሉኝ። ወንድም ዓለም፣ ያን ለት ቆዳዬን ገፍፌ መጣል አማረኝ። የደረሰልን የዚህ የፍኖተ ሰላም ጎረቤቴ ሙሄዲን ነው፤ ይቺን ተዉአትና ሴትዮዋን እዩ ብሎ እምዬን ታቅፎ አስገባት። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ መድኃኒቷን እየሰጣችሁ ቤት አስታምሟት አለን። አሁን እኔ ዘንድ ተኝታለች።

የጭውውቱን አዘጋጅ አለማየሁን፣ እባክህ እሜቴ ወይኒቱን አስተወኝ፣ ሌላ ሰው ልሁን አልሁት። የታመመች እናት ቤቴ አስተኝቼ እንዴት አድርጌ በሞት እቀልዳለሁ? መራዊ ላይ የመድረክ ዝግጅት ነበረንና እስኪ ሞክሪው አለኝ። የእሜቴን ነጠላም ምርኩዝም ጥዬ በራሴ ቀሚስ፣ በራሴ ቁመት ወጣሁ። ስለ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ያዘጋጀሁትን ጀመርሁላቸው። አዳራሹ ጭጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ እሜቴን አምጭልን የሚል ተነሣ፣ ፉጨቱም ተከተለ። አለማየሁ ከመጋረጃው ጀርባ ምርኩዙን አቀበለኝ፤ ጎበጥሁላቸው። ልጆቼን ጥሩልኝ ስል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ስወርድ አለማየሁ፣ አንቺን ማን ያውቅሻል፣ የሚያውቁት እሷን ነው አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው። በዚያች አሮጊት ውስጥ ተቆልፎብኛል፣ ገደፋው። ጥዬ እንዳልወጣ የእምዬ መድኃኒት የሚገዛው ከእሷው በማገኘው ገንዘብ ነው።

የባሰችብኝ ደግሞ እምዬ ራሷ ናት። ቅዳሜ ሲሆን ሬዲዮኑን ትራሴ አጠገብ አድርጊልኝ ትላለች። እሜቴ ወይኒቱ ልሞት ነው ስትል እምዬ ሳል እስኪያፍናት ትስቃለች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ባለፈው እንባዬን አየችብኝና፣ ተይ ልጄ፣ ጥርስ ባዳ ነው፣ ይሳቅ አለችኝ። ቀጥላም፣ ገደፋው ይህን ይሰማል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይሰማል አልኋት። እንግዲያው በእሷ አፍ ጥሪልኝ አለችኝ።

ጠራሁህ። ዛሬ በቀረጽነው ላይ እሜቴ ወይኒቱ የልጆቿን ስም ስትዘረዝር፣ ከመካከል ገደፋውንም ጥሩልኝ ትላለች። በጽሑፉ ላይ የሌለ ስም ነው፤ አለማየሁ ሰምቶ ሳቀና አለፈው። የነገ ሳምንት ቅዳሜ ይተላለፋል። ጋራዡ ሁሉ ይስቃል፣ ይሳቁ። አንተ ግን እዚያች ላይ ስትደርስ አትሳቅ። የእናትህ ቃል ነው፤ ተነሥና ና።

ይህን የሚያደርስልህ ሙሄዲን ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ወደ እናንተ ይወርዳል። እኔን ባታምነኝ እሱን ጠይቀው፣ በዐይኑ አይቷታል፤ ቀልድም አያውቅ።

መሰረትን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ስንቅህን ቶሎ ትቋጥርልህ። ባዬን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። የጋራዥ ጓደኞችህንም፣ ስቀውብኝ ቢሆንም፣ ሰላም በልልኝ። የሙሄዲን ባለቤት ራዲያ ሰላም ብላሃለች፤ እኔ ቀረጻ ስሄድ እምዬን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። የእምዬን ሰላምታ ግን አልጻፍሁልህም። ምን ልበልልሽ ብላት፣ ሲመጣ በአፌ እለዋለሁ ብላ ከለከለችኝ።

እህትህ ሲሳይነሽ
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.