በአፌ ስለማስነሳው ሞተር ለነዳጅ ዋጋ ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለነዳጅ ዋጋና ክፍያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት (ቢሮ ከገቡ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ቤንዚን ዋጋ ሁልጊዜ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል እንዳያይ፣ ዕድሜዎም እንደ ሰፈራችን ማደያ ሰልፍ ጫፉ እንዳይታይ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በዚሁ ማደያ ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጎማ የምለጥፍ ወጣት ነኝ። ከትምህርት ጋር ዘጠነኛ ክፍል ላይ በስምምነት ተለያይተናል፤ እርሱም አልናፈቀኝ፣ እኔም ደግሜ አላስቸገርሁት። አንድ የጭነት መኪና ጎማ ስፈታ ብረቱ አፈትልኮ የፊት ጥርሴን ስላወለቀልኝ፣ ስናገር ንፋስ ያመልጠኛል፤ ሰፈሩም ለዚህ ብሎ «ፊሽካ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶኛል። እንግዲህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ከትምህርቴ፣ የአክብሮት ግድፈት ቢያገኙ ደግሞ ከጥርሴ ነው ብለው ይለፉኝ።

ሰው ሁሉ ለእርስዎ የሚጽፈው ለማማረር ብቻ ነው ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ። እኔ የመጣሁት ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

፩ኛ. ዋጋውን ስለ መጨመርዎ። በሰፈራችን የሚያድግ ነገር ካየን ቆይተን ነበርና፣ ማደያው ላይ ያለው ቁጥር በየወሩ እንዲህ ሲመነደግ ማየት እንደ ወላጅ ያኮራናል። አባቴ ታክሲ ነጂ ነው። ታክሲዋ ከእኔ በፊት እቤታችን የገባች በመሆኗ አባቴ «ታላቅ እህትህ» ይላታል፤ እኔን ትቶ እርሷን የሚያጥብበት እሑድም አይጠፋም። ቤንዚኑ ሲጨምር የተሳፋሪ ታሪፉን ግን፣ ያንኑ ታሪፍ የሚያወጣው የእርስዎ መሥሪያ ቤት፣ እንደ ሐውልት ባለበት ስላቆመው፣ አባቴ ስለ መካከሉ ክፍተት ለብቻው እንዲያስብበት ሰፊ ዕድል አግኝቷል። ማሰብ ጥሩ ነው፤ ፀጉሩም አብሮት አስቦ ሸብቷል።

፪ኛ. ስለ ካርዱ። «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም፣ ክፍያ በካርድ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በማደያው መስታወት ላይ ስላስለጠፉልን፣ ከሥሩም «በካርድ ለሚከፍሉ ደንበኞች የአገልግሎት ጭማሪ አለው» የሚል ሌላ ስላስከተሉልን እጅ እንነሳለን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይህ ነው ያሉ አሉባልተኞች አሉ፤ እኔ ግን፣ በሩን አንድ ብቻ አድርጎ በዚያው በር ለገባ ሰው የመግቢያ ቀረጥ ማስከፈል ጎበዝ ጭንቅላት እንደሚጠይቅ ነግሬ ዝም አሰኝቻቸዋለሁ። አባቴ ካርዱ በተሰጠው ቀን እንደ ፎቶግራፍ በሁለት እጁ ይዞት ነው የገባው። የምስጢር ቁጥሩን ለማንም እንዳይናገር ባንክ ቤት ስላስጠነቀቁት ለእኛ ለቤተሰቦቹ አልነገረንም። ማደያው ጋ ሲደርስ ግን የማሽኗ ቁልፎች ለጣቶቹ ስለደቀቁበት፣ ለነዳጅ ቀጂዋ ልጅ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራት። «ጋሼ፣ እንዲህማ አይነገርም» ብትለው፣ «ያንቺ ፊት የሌባ ፊት አይደለም፣ የኔ ልጅ፤ ይልቅ ቶሎ ንኪልኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት፤ እርሱም ረስቶታል።

፫ኛ. ጭማሪው በሊትር ሳይሆን ካርዱ ማሽኗ ውስጥ በገባ ቁጥር ስለሚቆረጥ፣ ፍትሕዎን አደንቃለሁ። ፉል የሚያስሞላ ባለጸጋ በሳምንት አንዴ ይቆረጥበታል። ያገኘውን እየያዘ፣ ሁለት ሊትር ለጠዋት፣ ሁለት ሊትር ለቀትር እያለ የሚመላለሰው አባቴ ደግሞ በመጣ ቁጥር ይቆረጥበታል። ስለዚህ በመቆረጥ በኩል አባቴ ከባለጸጋ በልጧል፤ በሕይወቱ ባለጸጋን የበለጠበት የመጀመሪያው ጉዳይ ነው፣ እናመሰግናለን። ቀጂዋ አንድ ቀን «ጋሼ፣ እንደ መድኃኒት በማንኪያ ነው እንዴ የሚያጠጧት?» ብላ ስትቀልድበት ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። እኔ ማዶ ሆኜ ጎማ ውስጥ አንገቴን ቀበርሁ።

፬ኛ. ስለ ዝምታው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ዝምታ ቤንዚን ነው። ቤታችን ከረጅም ቁልቁለት ግርጌ ነው። ዋጋው ሦስተኛ ጊዜ ከጨመረ ወዲህ አባቴ ማታ ሲመለስ ቁልቁለቱ አናት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ታክሲዋን እንዲሁ በስበት ይለቃታል። ያቺ አሮጊት ታክሲ ደግሞ ቀደም ሲል እዚያው አናት ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ታስል ነበር። የእናቴ ዓይን ከደከመ ሰንብቷልና ሰውን የምታየው በጆሮዋ ነው፤ ሳሉን ስትሰማ ምድጃዋን ትለኩሳለች፣ አባቴ እጁን ታጥቦ ሲገባ ራቱ ሞቆ ይጠብቀዋል። ሁለቱ ብዙ ማውራት አይወዱም። ደህና ዋልህ፣ ደህና ዋልሽ የሚባባሉት በዚያች ሳልና በዚያች እሳት ነበር።

ሞተሩ የጠፋባት የመጀመሪያዋ ምሽት አባቴ ድንገት በር ላይ ሲቆም እናቴ ደንግጣ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኛ!»

«አንተማ ብትሆን እሰማህ ነበር።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብራው የኖረች ሚስት ባሏን «ማነው?» ስትል ሰምተው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ቀዝቃዛ ራቱን በልቶ ተኛ። በማግስቱ እኔ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ አጥራችን በር ላይ ቆምሁ፤ ታክሲዋ ከላይ እንደ ጥላ ስትንሸራተት ሳያት በአፌ «ድርርርር… ኧህ፣ ኧህ» አልሁ። ሰውን መሸወድ ከልጅነቴ የተካንሁበት ብቸኛ ሙያዬ ነው። እናቴ ምድጃውን ለኮሰች። አባቴ ትኩስ ራት አገኘ። ከዚያ ወዲያ ይኸው ሥራዬ ሆነ። አባቴም ሰልፍ ላይ ቆሞ ለሌሎቹ ነጂዎች «የኔ ሚስት እኮ ሞተር ሳይነሳ ትሰማኛለች፤ የእናንተዎቹ ጥሩምባ ብትነፉም አይሰሙ!» እያለ ይኩራራ ጀመር። ይህን ኩራት ያገኘው በእርስዎ መመሪያ ነውና ተመስገን ብለናል።

ቁጥሩ ስንተኛ ላይ እንደደረሰ ጠፍቶኛል፤ ሒሳብ ላይ ድሮም ደካማ ነበርሁ።

ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬኑ እንደሚደነድን ክቡርነትዎ ላያውቁ ይችላሉ፤ የእርስዎ መኪና እርስዎ ስብሰባ ላይ ሆነውም ሞተሯ በር ላይ ሲያንጎራጉር ስለሚውል፣ የሚያውቁበት አጋጣሚ የለም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት ጎረቤታችን፣ እንደ እናቴ በጆሮ የሚሄዱ አሮጊት፣ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዘው፣ እኔ ከምቆምበት በር ራቅ ብለው መንገዱን አቋረጡ። ድምፅ ስላልሰሙ ዞር ብለው አላዩም። አባቴ በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ ቢቆምም አልያዘለትም፤ መሪውን ጠምዝዞ ታክሲዋን ከድንጋይ አጥር ጋር እያፋተገ አቆማት። አሮጊቷ ምንም አልሆኑም። ልብሳቸውን ከመሬት እየለቀሙ «ምነው አንተ ልጅ፣ እንደ ሌባ ድምፅ አጥፍተህ ትመጣለህ?» አሉት። በሕይወቱ የሰው ገንዘብ ነክቶ ለማያውቀው ለአባቴ ነው እንግዲህ። የዚያን ማታ ራቱ ሞቆ ነበር፤ አልበላውም። «ሰው ገድዬ ከምበላ ጦሜን ልደር» ብቻ አለ።

በማግስቱ ታክሲዋን ለመለዋወጫ ነጋዴ ሸጣት። ነጋዴው ጎማዎቿን ቶሎ ለመውሰድ ስለቸኮለ፣ ጎትቶ ያመጣት እኔው ወደምሠራባት ጎማ ቤት በር ነው። አለቃዬ የማን መሆኗን አላወቀም፤ «ፊሽካ፣ ክሪኩን አምጣና ፍታ» አለኝ። ፈታሁ። የታላቅ እህቴን ጫማ በገዛ እጄ ያወለቅሁላት እኔ ነኝ። አለቃዬ «ዛሬ ምን ሆነህ ነው የማትቀልደው?» አለኝ። ቤንዚን ዓይኔ ውስጥ ገባ አልሁት። እርሷ ውስጥ ግን፣ ክቡርነትዎ እንደሚገምቱት፣ ጠብታ ቤንዚን አልነበረም።

የዚያን ዕለት ማታ አጥሩ በር ላይ ቆሜ አባቴን ጠበቅሁት። ከላይ በእግሩ መጣ። ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ሁልጊዜ ሞተሩን የሚያጠፋበት ቦታ ሲደርስ፣ ቆም አለና ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ እጁ የለመደውን ሊያዞር ፈልጎ የሚዞር ነገር አጣ። ከዚያ ቁልቁል መምጣት ጀመረ። እኔ ምን ላድርግ? ከቀልድ ሌላ ምን አውቃለሁ? «ድርርርር… ኧህ፣ ኧህ» አልሁ። ውስጥ እናቴ ምድጃዋን ስትለኩስ ሰማሁ። አባቴ አጠገቤ ደረሰ፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ፣ እንዲህም አለኝ፦

«አጥፋው ልጄ። ነዳጅ ተወዷል።»

አልሳቀም። እኔ ግን እስቃለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ወጣ።

ስገባ እናቴ ክንዴን ጎትታ በሹክሹክታ «ሞኝ፣ የታክሲዋ ሳል እኮ ፉጨት የለበትም፤ ከመጀመሪያዋ ማታ ጀምሮ አውቄሃለሁ» አለችኝ። ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «አባትህ የምሰማው መስሎት ደስ ካለው ምን ቸገረኝ» አለችና ሳህኑን አቀረበች። ቀጥላም፣ «ነገም አስነሳት እንጂ። በምን እለኩሳለሁ?» አለችኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የዚህ ሁሉ ምስጋና ዓላማ አንዲት ትሑት ጥያቄ ናት። ይህን ሞተር በየማታው በአፌ አስነሳለሁ። ቤንዚን አይጠጣም፣ ሰልፍ አይቆምም፣ ድምፁም ለአሮጊቶች ይሰማል። በመመሪያዎ ውስጥ በአፍ ስለሚነሳ ሞተር የተደነገገ ዋጋ ካለ ቀድመው ያሳውቁኝ፤ ካልተደነገገም እባክዎ አይቸኩሉ፤ እናቴ እስክትለኩስ ድረስ ብቻ ይታገሱን።

ጎንበስ ብዬ፣ ከዚያም በላይ ጎንበስ ብዬ፣ ክሪኩ ሥር እስክገባ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ፊሽካ
የታክሲ ነጂው ልጅ፣ የታክሲዋ ታናሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአባቴን ካርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ውስጧ ጥቂት ሳንቲም ቀርታለች፤ ለማውጣት የሚቆረጠው ከሳንቲሟ ስለሚበልጥ፣ አባቴ ለእርስዎ ትሁን ብሏል። የምስጢር ቁጥሩን ነዳጅ ቀጂዋን ይጠይቋት፤ ስትነግርዎ ግን ጎንበስ ብለው ይስሟት። አባቴም እንደዚያው ጎንበስ ብሎ ነው የነገራት።