መሰላሉን የለቀቅሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙሉሰው፤

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የሻርጃ ሙቀት ገና ካሁኑ ጀመረ ወይስ ፋታ ሰጥቷችኋል? ሥራው፣ አብረውህ የሚኖሩት ልጆች፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ የአምላክ ቸርነት ሳይለየን፣ አባባም በከዘራ ግቢውን መዞር ጀምረው፣ ፋሲካን በሰላም ውለናል። ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የጎደለ አለ፤ ያጎደልሁትም እኔ ነኝ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅህን ስሰማ ቃሉ ይጠፋብኛል። አንተም ከጥምቀት ወዲህ ስትደውል የአባባን እግር ጠይቀህ ወዲያው ትዘጋለህ። ስለዚህ የገሳይ ከተማዋ ማሬ ዕረፍቷን ጨርሳ አንተ ወዳለህበት አገር ስትመለስ ይህን ወረቀት በእጅህ እንድታደርስልኝ ለመንኋት።

የከተራ ለታ እማዬ በስልክ የነገረችህ፣ አባባ የላክኸውን ባለ ቀለም መብራት ጣሪያው ጠርዝ ላይ ሲሰቅሉ እግራቸው አዳልጧቸው ወደቁ ብላ ነው። «ምነው መብራትህ በቀረብን!» ብላ ስትጮኽብህ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንተም «ይቅር በሉኝ» ስትል ሰምቻለሁ። ዝም አልሁ።

አባባ «ታቦት በደጃችን ሲያልፍ ልጄም አብሮን እንደቆመ ይቆጠር» ብለው ሰው አልጠራም፣ ራሴ እሰቅለዋለሁ አሉ። መሰላሉን ከቧንቧው አጠገብ አቆምነው፤ እዚያ መሬቱ ሁልጊዜ ርጥብ እንደሆነ ታውቃለህ። «አንቺ ብቻ አጥብቀሽ ያዢልኝ» ብለውኝ ወጡ። ጥቂት እንደቆየሁ የጎረቤታችን ልጅ መክሊት የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። አንድ አፍታ ጥልፉን አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ለቀቅሁት። አባባ ከላይ ሆነው «ትእዛዝ፣ ይዘሽዋል?» አሉ። እኔ ዘወር እንኳ ሳልል፣ የመክሊትን ጥልፍ እየዳሰስሁ፣ «አዎ፣ ይዤዋለሁ» አልሁ።

ወንድምዓለም፣ ያን «አዎ» አምነው ነው ወደ ጠርዙ የተንጠራሩት። የመሰላሉ አንድ እግር ጭቃው ውስጥ ገባ። ድምፁን ሰምቼ ስዞር አባባ ከነመብራቱ ገመድ መሬት ላይ ነበሩ።

እማዬ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ «ምን ሆኑብኝ?» ስትል፣ ጥርሳቸውን ነክሰው «እግሬ አዳለጠኝ» አሏት። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ መብራቱን ሲረግም፣ አክስታችን ሙሉም «የዓረብ አገር ዕቃ መቼ ለሰው በጀ» እያለች ስታማህ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ እንግዳ አስተናግድ ነበር። የእኔ ጥፋት አንተ ላይ ሲቆለል እያየሁ ቀለለኝ። ከሁሉ የማፍረው በዚህ ነው፤ ቀለለኝ።

በሰሙነ ሕማማት አባባ «መብራቱን አውጡት፣ ለፋሲካ ይሰቀል» አሉ። እማዬ «ወይ እሱ ወይ እኔ!» ብላ ተነሣች። አባባም ለዘብ ብለው «መብራቱ ምን በደለ?» አሏት። ያን ጊዜ መቻል አቃተኝና ሁሉንም አፈረጥሁት። እማዬ ትቆጣኛለች ስል እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ልጄን! በሰው አገር ያለ ልጄን!» እያለች አለቀሰች። አባባ እግር ሥር ወድቄ ይቅርታ ስለምናቸው ቀና አደረጉኝና፣ «እኔማ ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ። ድምፅሽ የመጣው ከአጥሩ ዘንድ ነበር። ራስሽ እስክትናገሪው ጠበቅሁ። የእኔስ አጥንት ነው፣ ይገጥማል፤ ይቅርታ የምትጠይቂው ወንድምሽን ነው» አሉኝ።

መብራቱን ቅዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ ሰቀልነው። የመክሊት ወንድም ፈንታሁን የኤሌክትሪክ ሥራ ስለሚያውቅ መጥቶ አገዘን፤ አባባ ወንበር አስወጥተው ከበረንዳው ላይ ያዛሉ። መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ ዘርግተን አበራነው። ከሁለቱ የመብራት ገመዶች አንዱ አባባ በወደቁ ጊዜ ተልጦ ሽቦው ይታይ ስለነበር ጣልነው፤ ደኅነኛውን ከሶኬቱ ነቅለን ለመስቀል ያዝነው። በቆርቆሮው ስለት እንዳይቆረጥ ከጣሪያው ጠርዝ እንጨት ላይ በፕላስቲክ ማንጠልጠያ አንጠለጠልነው እንጂ ሚስማር የሚባል አልመታንበትም። ዝናቡ ጀማምሮ ስለነበር መሰኪያውን ከበረንዳው ውስጥ፣ ውኃ ከማይደርስበት አደረግነው። መሰላሉ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ ፈንታሁን ሲወጣ አንዱን እግር እኔ፣ ሌላውን እማዬ ያዝን። የሆነ ሰው በር ሲያንኳኳ እማዬ «ልጁ ሳይወርድ ማንም አይጥራን!» ብላ ጮኸች፤ አባባ ከወደቁ ወዲህ ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ለታ ነው።

አመሻሽ ላይ በራ። እንደ ልማዱ መብራት ጠፋና ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፤ ተመልሶ ሲመጣ እማዬ «እሰይ፣ የልጄ!» አለች። አባባ ግን የፋሲካን ቅዳሴ መቆም አልቻሉም፤ ከቤት ቀሩ። ማነከሱም ላይለቃቸው ይችላል ብሏል ሐኪሙ። ሲራመዱ ባየሁ ቁጥር የምሆነውን አልጽፍልህም።

አባባ «አትሸማቀቅ፣ እንደ ድሮህ ደውልና አጫውተኝ» ብለውሃል። እማዬ «የተናገርሁትን ቃል ከልብህ አውጣልኝ፣ በሞቴ» ትልሃለች። አክስታችን ሙሉ እውነቱን ከእኔው አፍ ሰምታ አፍራለች፤ ሰላም በዪልኝ ብላለች። መክሊትና ፈንታሁንም ሰላም ይሉሃል። የራሴን ሰላምታ ከእነሱ ጋር ልደርድር አልደፈርሁም። ብትቆጣኝ ተቆጣኝ፣ ብትሰድበኝም ይገባኛል፤ ዝም ብቻ አትበለኝ።

የበደለችህ እኅትህ
ትእዛዝ ገብረ ማርያም

ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.