የዳማ ወረቀት

ሰቆጣ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለእየሩስ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የሃንጋሪ በረዶ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ስትደውዪልኝ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝምና በወረቀት ጻፍኩልሽ። ጎረቤታችን መምህር ምሳው ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

ስለ ውሻሽ ስለ ዳማ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። አዲስ አበባ ወስጄ የውሾች ውድድር ላይ እንዳቀርባት፣ ከዚያም የእሷን ዘር ለሚያሳድጉት ለወይዘሮ ጥሩሐረግ እንዳስረክባት ለምነሽኝ ነበር። «አባዬ፣ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቴ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እርስዎም ደክመዋል፤ ጀርመን ሸፐርድ ደግሞ የሚያውቃት ሰው ያስፈልጋታል» አልሽኝ። ልክ ናት ብዬ ተነሣሁ።

አውቶብሱ ውሻ አልጭንም አለ። የአይሱዙ ሾፌሩ ጌታሁን ግን ጋቢና አስገባን፤ እስከ ወልድያ እግሬ ላይ ተኝታ ሄደች። ከዚያም በሌላ መኪና እንደዚያው።

ውድድሩ ሰፊ ሣር ሜዳ ላይ ነበር። መዝጋቢው አንገቷ ቆዳ ሥር ያስቀበርሽውን ቁጥር በመሣሪያ አነበበ፤ የክትባት ወረቀቷን አየ። ቀጥሎ የዘር ወረቀቷን ዘርግቶ እናት አባቷን፣ አያት ቅድመ አያቶቿን በየስማቸው ጠራ። እኔ እንኳ የቅድመ አያቴን እናት ስም አላውቅም፤ የእሷ ግን ተጽፏል።

ዳኛው ጥርሷን አየ፣ ጀርባዋን ዳሰሰና «ያሩጧት» አለኝ። ለካ ባለ ውሻው አብሮ ይሮጣል! አንድ ወጣት «አባቴ፣ እኔ ልሩጥልዎት» ብሎ ገመዱን ተቀበለኝ። እሷ ግን አራት እግሯን ተክላ እኔን ታያለች። ምን ላድርግ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ሮጥኩ። የሰቆጣ መሪጌታ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ! ጥምጥሜ ተፈትቶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ሰው ሳቀ፤ ቆይቶ ደግሞ አጨበጨበ። ሁለተኛ ወጣች። ዳኛው «አረማመዷ ያምራል» ሲለኝ አንቺ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስሽ ዕለት የተሰማኝ ዓይነት ደስታ ተሰማኝ፤ ይቅር በይኝ።

ወዲያው ወይዘሮ ጥሩሐረግ መጡ። ደግ ሴት ናቸው፤ ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ እንደ ዳማ ያሉ ሦስት ውሾች አሏቸው። ቤታቸው ወስደው ምሳ ካበሉኝ በኋላ የማስረከቢያ ወረቀት አቀረቡልኝ።

«የባለቤቷ ስም ትክክል መሆኑን ያንብቡና ከሥሩ ይፈርሙ» አሉ።

እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እየሩስ ገብረ ጻድቅ» ብዬ አነበብኩ።

ዳማ ከተኛችበት ብድግ አለች። ጆሮዋን አቁማ ወደ በሩ አየች። ከሄድሽ ሦስት ዓመትሽ እኮ ነው! እኔም አብሬያት ወደ በሩ አየሁ።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጄ አልታዘዘልኝም» አልኳቸው።

እሳቸው ዳማን ትንሽ ተመለከቱና «መሪጌታ፣ ሳይመሽ ይነሡ፤ መንገድዎ ሩቅ ነው» አሉኝ። አልተቀየሙኝም።

ስለዚህ ይዣት ተመለስኩ። ቃሌን አጠፍኩብሽ፤ አትቆጪ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ስምሽን ስጠራ ቀና የሚል ሌላ የለም። ለማሕሌት ስሄድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ትሸኘኝና እዚያው ትቀመጣለች። ካህናቱ «መሪጌታ ውሻ ማስከተል ጀመሩ» እያሉ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

ወረቀቱ ሳይፈረም እኔ ዘንድ አለ። ሳስበው የወኪል ፊርማ ምን ያደርጋል? ባለቤቷ አንቺ ነሽ፤ መጥተሽ አንቺው ትፈርሚያለሽ። ትምህርትሽን አቋርጪ ማለቴ አይደለም። ብቻ፣ በእኛ ክረምት እናንተ ዘንድ ትምህርት ይዘጋል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው ወይ?

የእናትሽ ጸሎት ከፊት፣ የእኔ ከኋላሽ ይሂድ። የረገጥሽው አገር በደህና ያኑርሽ፤ በደህናም ይመልስልኝ።

አባትሽ
ገብረ ጻድቅ