የአባባ ቢላዋና የእኔ ጥፍር

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ጋሊያ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የማርሴይ ብርድ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በግንቦት ካልሲ ደርበሽ ትተኛለሽ? ባልሽ ፊንሓስ ደኅና ነው? ሕፃኗ ኤስቴሪና ጥርስ አወጣች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ወገቧን ታማርራለች እንጂ ምላሷ እንደ ወትሮው ጤነኛ ነው። እኔም ደኅና ነኝ፤ መቀመጥ ብቻ አቃተኝ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ሁለቴ ተነሥቼ ደጅ ወጥቼ ተመልሻለሁ።

ፊንሓስ በጨርቅ ሱቁ ውስጥ ሥራ እንዳዘጋጀልኝ ነግረሽ፣ በሐምሌው መርከብ ትመጣለህ ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ባነበብኩት ሰዓት ቢሆን ኖሮ መልሱን ለመጻፍ ወረቀት አልፈልግም ነበር፤ ከዚያው ሮጬ እመጣ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

አባባ ከብርዱ ወራት ጀምሮ ቢላዋ መሳል ሊያስተምሩኝ ተነሥተዋል። የአይሁድ ሰፈራችን የሐራ ዶሮ ሁሉ በእሳቸው እጅ እንደሚታረድ፣ በሕጋችንም ስለቱ የፀጉር ያህል እንኳ ከተሸረፈ ሥጋው እንደማይበላ ላንቺ አልነግርሽም። እኔ እሺ ያልኩት እስክሄድ ድረስ ደስ ይበላቸው ብዬ ነው። ታዲያ የእሳቸውን ቢላዋ ማን ያስነካኛል! በእማዬ የሽንኩርት ቢላዋ ነው የጀመርኩት። ድንጋዩን ውኃ አጠጥቼ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ እቀመጥና በሻካራው በኩል በቅጡ ሳልጨርስ ወደ ለስላሳው እዘላለሁ። ቢላዋውን አንዴ አጋድሜ አንዴ አቁሜ ስለምስለው ስለቱ ተጣመመ። አባባ አጠገቤ ቆመው «ቀስ በል ልጄ፣ ድንጋዩ ምንም አልበደለህም» ይሉኛል። እማዬ ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ቲማቲም ልቁረጥበት ብል ጨፈለቀልኝ እኮ!» እያለች ቢላዋዋን ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

ከሁሉ የባሰው ጥፍሬ ነው። የተሳለ ቢላዋ የሚፈተነው በጥፍር አይደል? ስለቱ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ ብሎ ሲያልፍ የተሸረፈ ካለ ያዝ ያደርጋል። እኔ ደግሞ፣ ታውቂኛለሽ፣ መላ ሲጠፋኝ ጥፍሬን እበላለሁ። እማዬ የሚያቃጥለውን የበርበሬ ድልህ፣ ሐሪሳውን ቀባችልኝ፤ እሱንም ከነጥፍሩ በላሁት። አባባ እጄን አገላብጠው አይተው «አንተ ልጅ፣ ምሳ አይሰጡህም እንዴ?» አሉኝ። እንደ ምንም የቀኝ አውራ ጣቴን አስጥለውኝ ጥፍሩ አደገ። ከዚያ ወዲህ ከማረዳቸው በፊት የራሳቸውን ቢላዋ ፈትነው «እንካ፣ ተለማመድ» እያሉ ይሰጡኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ያስደግሙኛል። እንደማልችል ቆጥረውኝ ነው እያልኩ በሆዴ እናደድባቸው ነበር።

ያለፈው ሐሙስ ሴቶቹ ለሰንበት ዶሯቸውን ይዘው ግቢውን ሞልተውታል። አባባ ቢላዋውን ፈተኑና «ልሙጥ ነው» ብለው ሰጡኝ። ጥፍሬ ላይ ያዝ አደረገኝ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት፤ እዚያው ቦታ ላይ ያዘኝ። እትዬ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያረደ ሰው ልሙጥ ነው ያለውን፣ በሽንኩርት ቢላዋ የጀመርኩት እኔ በሰው ፊት አይደለም ልበል? ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ዝም ካልኩ የሐራው ሰው ሁሉ ያልተፈቀደ ሥጋ ሊበላ ነው፤ ያውም በአባባ እጅ።

ጎረቤታችን ክሙሳ አውራ ዶሮዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ «ኧረ ፍራጂ፣ ቢላዋውን ልታገባው ነው እንዴ? ዶሮዬ እኮ በእርጅና ሊሞትብኝ ነው!» ብላ ሴቶቹን አሳቀች።

«አባባ፣ ይዞኛል» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ክሙሳ ግን አልቆመችም። «እሳት አመድ ወለደ! ይኼ ደግሞ አባቱን ሊያስተምር!» አለች።

አባባ አልተቆጡም። «የቱ ጋ?» አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ጥፍራቸውን ደጋግመው አስኬዱበት፤ ምንም እንዳልያዛቸው ከፊታቸው አየሁ። ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሽማግሌው ረቢ ብሑር ይዘውኝ ሄዱ። ረቢው ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ አሳለፉና «አለ፤ በጣም ቀጭን ነው። ማን አገኘው?» አሉ። አባባ «ልጄ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ተመልሰን «ዛሬ እጄን አላምነውም» ብለው ሴቶቹን አሰናበቱ። በዚያ ሰንበት ሐራው ኩስኩሱን በዓሣ በላ። ክሙሳ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ ዶሮዋ ግን ጠዋት ጠዋት እየጮኸ ያመሰግነኛል።

ቤት እንደገባን አባባ ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን እያሹ ነገሩኝ። ከብርዱ ወዲህ ጣታቸው እየደነዘዘ፣ የሚሰማቸውንና የማይሰማቸውን መለየት አቅቷቸዋል። «ተለማመድ እያልኩ የምሰጥህ ላንተ ብዬ አልነበረም። ፊትህን እያየሁ ነው የማርደው» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ስንት ቀን ሐሳቤ ማርሴይ ሆኖ ነው የፈተንኩት!» ብዬ ጮህኩ።

«አውቃለሁ። ሐሳብህ ሲሄድ ሌላው እጅህ አፍህ ይገባል። ያን ጊዜ እስክትመለስ ጠብቄ አስደግምሃለሁ» አሉኝ።

እትዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቦታ አይበቃኝም። ወደቡን ባየሁ ቁጥር እግሬ ይበላኛል። ድንጋዩን ሳይ ደግሞ ሆዴ ይባባል። አባባ «ሂድ፤ እኔ ቢላዋውን እሰቅለዋለሁ» ብለውኛል። ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም፤ እሱ ነው አንጀቴን የበላው። ልሂድ ብዬ ስነሣ ቢላዋው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታየኛል፤ ልቅር ብዬ ስቀመጥ የመርከቡ ጩኸት ይሰማኛል።

በይ እንግዲህ፣ ፊንሓስን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ስላሰበልኝ ውለታውን አልረሳም። አማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ኤስቴሪናን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚያት፤ ጥርስ ካወጣች ግን ተጠንቅቀሽ። እማዬ «ልብስ ደርባ ትልበስ» ብላለች። አባባ ይባርኩሻል።

ትመጣለህ ወይ ላልሽኝ፣ አዎ ወይም አይ ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ እስክጨርስ ዘጠኙን ጥፍሮቼን በልቻቸዋለሁ። የቀኝ አውራ ጣቴን ግን አልነካሁትም።

ወንድምሽ ፍራጂ
ሐራ ከቢራ፣ ጄርባ ደሴት
ረቡዕ፣ ግንቦት 10 ቀን