ለላካችሁልን ካንዴላ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ክሊፎርድ ዳልበርግ
የሰሜን መለዋወጫ ማከፋፈያ ድርጅት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ብርዱ ገብቷል፤ ሆኖም ጸሐፊዎ በስልክ «እዚህማ ሙቀቱ ሊገድለን ነው» ብላ ስላጫወተችኝ ስለ እርስዎ አልሰጋም።

አይሊ ኮርቴላ እባላለሁ። በሰሜን ሚኔሶታ፣ በካላ ሐይቅ ዳር የምኖር፣ ባለፈው ጥር ባሏ በዚያው ሐይቅ ላይ የሞተባት ሴት ነኝ። ይህን በጋዜጣ የማወጣው፣ በግል የጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች በቢሮዎ ሙቀት ቀልጠው ይሆናል ብዬ ነው።

ባሌ ኡርሆ ከአባቱ የወረሳት በበረዶ ላይ የምትነዳ አሮጌ ሞተር ነበረችው። እንደ ሌሎቹ ፒስተን የላትም፤ በሆዷ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚሽከረከረው። እንዲህ ያለውን መሥራት ከተተወ ዘመን አልፎታል፤ ካንዴላዋም የራሷ ብቻ ነው፣ የሌላ አይሆናትም። ኡርሆ ካንዴላ ፍለጋ ያልበረበረው ጋጣ፣ ያላንኳኳው የተዘጋ ጋራዥ አልነበረም። ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ እንኳ «የሟቹ ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ሁለት አይጠፋም ነበር» ይለኝ ስለነበር ስንት ጊዜ አፍሬበታለሁ። ከዚያ እናንተ ደረሳችሁለት።

አንደኛ፦ በዕቃ ዝርዝራችሁ ላይ «ለእነዚህ ሞተሮች ልክ ነው» ብላችሁ ስለጻፋችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጥቅሉ ሲመጣ ኡርሆ ካንዴላዋን እንደ ዕንቁላል በመዳፉ ይዞ «አየሽ፣ የሚያስብልን ሰው አለ» አለኝ። ያ ሰው እንግዲህ እርስዎ ነዎት። ጥርሷ ገጠመ፣ ሞተሩም ተነሣ፣ ደጃፋችን ላይ ምንም እንከን አልታየባትም። ለሌላ ሞተር የተሠራች መሆኗን፣ የዚህችን ሙቀት እንደማትችል፣ ብዙ ከተነዳች ጫፏ ቀልጦ ወደ ውስጥ እየወደቀ ሞተሩን ቀርቅሮ እንደሚያቆመው ያወቅነው አንድ መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ ሲያሳየን ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ያኔ ኡርሆ የለም።

ሁለተኛ፦ ይህኛውን በእናንተ አላሳብብም፤ የራሳችን ነውር ነው። የእኛ አገር ሰው በብርዱ ወራት በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ቆሞ ያጎነበሰ ሰው ካየ፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ እያጠመደ ነው ይላል፤ ሰው ወደሚያጠምድበት ጉድጓድ ሳይጠሩ መሄድ ደግሞ አይታሰብም። ጎረቤቶቻችን ኡርሆ መሃል ሐይቅ ላይ የቆመበት ሞተር ላይ ሲያጎነብስ ከመስኮታቸው አይተውታል። «ዛሬ ቀንቶታል፣ አንረብሸው» ብለው ለክብሩ ሲሉ ምሳቸውን በሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረዶውን አንሥቶ ሰማይና ምድሩን አንድ አደረገው፤ ባሌም በእግሩ ሲመጣ አቅጣጫ ስቶ ኖሮ፣ በማግስቱ ከገዛ ጓሯችን ብዙ ሳይርቅ አገኘነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ በብርዱ ወራት መሬቱ በረዶ ስለሚሆን አይቆፈርም። ሬሳው እስከ ግንቦት በመቃብሩ ስፍራ ባለው የድንጋይ ቤት ቆየ፣ እኔም ሁለቴ አለቀስኩ።

ሦስተኛ፦ «ያረጀ ሞተር ቦታው ሙዚየም ነው» ስትሉ ስለላካችሁልኝ ምክር አመሰግናለሁ፤ ባሌን ግን የገደለው አዲሱ ዕቃችሁ ነበር። ከሐዘን መግለጫው ጋር የላካችሁት፣ ዓርማችሁ ያለበት ኮፍያም ደርሶኛል። የሚያደርገው ሰው ስለሌለ ድመቷ ተኝታበታለች።

የቀረውን ቁጥር አልሰጠሁትም፣ ምክንያቱም እሱ ልመና ነው። ያችው ካንዴላ ዛሬም «ልክ ነው» ተብላ ትሸጣለች። ከሐይቁ ማዶ ኦኒ ላምፒ የሚባሉ፣ ተመሳሳይ ሞተር ያላቸው የኡርሆ ወዳጅ አሉ፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ግትርም ናቸው። ባለፈው ሳምንት የእናንተ ጥቅል ደረሳቸው። ሄጄ ለመንኳቸው፤ የተበላሸውን የኡርሆን ካንዴላ አሳየኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ሲያጠብቃት አጥፍቶ ይሆናል። ይኼን የሚያህል ድርጅት ዝም ብሎ ይልካል እንዴ? ወረቀቱ ልክ ነው ይላል» አሉኝ። ባሌን ከቀበርኩት ከእኔ ይልቅ እናንተን አመኑ። ስለዚህ አንዴ ስልክ ይደውሉላቸውና «ተሳስተናል» ይበሏቸው። እርስዎ ካሏቸው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ለእኔ ምንም ባያደርጉልኝ አልቀየምም።

ለሰጡኝ የመበለትነት ማዕረግ እጅ እየነሣሁ፣ እርስዎንም ቢሮዎንም ሙቀት እንዳይለያችሁ የምመኝ፣

አይሊ ኮርቴላ
ከካላ ሐይቅ

ተጨማሪ፦ የሐይቁ በረዶ ሰው መሸከም ጀምሯል። ኦኒ ዛሬ ጠዋት ወጥተዋል፤ የሞተራቸው ድምፅ ከመሃል ሐይቅ ይሰማኛል። ቦት ጫማዬን አድርጌ፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው ይህን የምጽፍልዎ። ዛሬም ስደውል ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላኛለች፤ ስብሰባዎን ያሳምርልዎ። ከዚህ በላይ ልጽፍልዎ አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድምፁ ጠፋ።